የሐጂ በሺር አጋ ሕይወት በሐኪም ዐይን ሲታይ

ይፋግ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ ከአዲስ ዘመን ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከሙያ ባልደረቦቼ ብዙዎቹ ስሟን የሚያስታውሱት በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ ከታወቀው የካላ አዛር ወረርሽኝ ጋር አያይዘው ይሆናል። ታሪክ የሚያነብ ሰው ግን በሌላ ነገር ያውቃታል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በአገራችን የተዘዋወሩ አውሮፓውያን ተጓዦች ይፋግን ሲራራ ነጋዴ የሚሰባሰብባት ታላቅ ገበያ አድርገው ጽፈዋታል። ከጎጃም ባሶ ተነሥቶ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ መተማ ወይም ወደ ምጽዋ የሚዘልቀው የንግድ መንገድ በዚህ አካባቢ ያልፍ ነበር። በመንገዱም ላይ ቡናና ማር፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ፣ አሞሌና ጥጥ ይጓዝ ነበር። ከጭነቱ ጋር አብሮ የሚነዳ ሰውም ነበረበት፤ ከሚነዱትም መካከል ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ።

ለማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ የተሰጠኝ ርእስ የወንዶች የቴስቶስቴሮን ማነስና አሮማታዝን የሚገቱ መድኃኒቶች የሚል ነበር። ርእሱ በቁጥርና በሰንጠረዥ ለሚጻፍ ትንተና የሚመች ነው። እኔ ግን ነገሩን በአንድ ሰው ሕይወት በኩል ለማየት መርጫለሁ። ሰውየው ከሞተ ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንዲህ ያለ መድኃኒት በዘመኑ አልነበረም፤ ሆርሞን የሚለው ቃል ራሱ በሕክምና ቋንቋ የገባው እርሱ ካለፈ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1905 ነው። ሆኖም ቴስቶስቴሮን የተነፈገ ሰውነት ምን እንደሚመስል እርሱና መሰሎቹ ያስተማሩንን ያህል ያስተማረን የለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ሐጂ በሺር አጋ የተወለደው በ1655 ገደማ ነው። የሐበሻ ተወላጅ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል፤ የመንደሩን ስም፣ የእናት የአባቱን ስም ግን የመዘገበለት የለም። በሺር የሚለው ስምም ከባርነት በኋላ የተሰጠው ነው፤ በዐረብኛ የምሥራች አብሣሪ ማለት ነው። ለባሪያ እንዲህ ያለ መልካም ስም ማውጣት የዘመኑ ልማድ ነበር፤ ለሌሎቹ ጃንደረቦች የአበባና የሽቶ ስም ይሰጧቸው ነበር። በቱርክና በግብፅ ነጋዴ አፍ ሐበሻ የሚለው ቃል ከጎንደር ዙሪያ አንሥቶ እስከ ኤናርያና ከዚያም ወዲያ ያለውን አገር ሁሉ የሚጠቀልል ስለ ነበር፣ ልጁ በይፋግ በኩል አልፏል ብሎ መከራከር አይገባም። ነገር ግን ዘመኑን ማስታወስ ይጠቅማል። ልጁ ሲወለድ ጎንደር ከተቆረቆረች ገና ሃያ ዓመት ያህል ነበራት፤ በዙፋኑ ላይ ዐፄ ፋሲል ነበሩ፤ የምጽዋ ወደብም ከ1557 ጀምሮ በቱርኮች እጅ ገብታ ነበር። ከደጋው የተወሰደ ልጅ ወይ በምጽዋ በኩል በባሕር፣ ወይ በስናር በኩል ዓባይን ተከትሎ ወደ ግብፅ ይወርድ ነበር። ያንኑ የስናር መንገድ በተቃራኒው አቅጣጫ ተከትሎ ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1699 ዐፄ ኢያሱን ለማከም ጎንደር ገብቷል። የሕክምና ታሪካችንን የሚጽፉ ሰዎች ወደ ላይ የወጣውን ሐኪም ሁልጊዜ ያነሡታል፤ በዚያው መንገድ ወደ ታች የወረዱትን ልጆች ግን እምብዛም አያነሡአቸውም።

ልጁ የተሰለበው ለአካለ መጠን ከመድረሱ በፊት ነው። የእስልምና ሕግ ሰውን መስለብ የሚከለክል ስለ ሆነ፣ ሥራው የሚፈጸመው ብዙውን ጊዜ በላይኛው ግብፅ በሌላ እምነት ተከታዮች እጅ ነበር። የበሺርም ዕጣ ከዚህ የተለየ እንዳልነበረ ይታመናል። ከአፍሪካ ለሚወሰዱት ልጆች የሚደረገው ቆለጥን ብቻ ማውጣት አልነበረም፤ የወንድነት አካል በሙሉ ይቆረጥ ነበር። ቁስሉ ሲጠግግ የሽንት መውጫው እንዳይደፈን ትንሽ ቱቦ ይደረግበታል። ማደንዘዣ የለም፣ ከመመረዝ የሚያድን መድኃኒትም የለም። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ልጅ ዋጋው ከሌላው ባሪያ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ነጋዴውን ወደዚህ ሥራ የሚገፋውም ይኸው የዋጋ ልዩነት ነው።

የእኛ ገበሬ የዚህን ድርጊት ውጤት ከሐኪም በፊት ያውቀዋል። ወይፈን ሲኮላሽ ጠባዩ ይበርዳል፣ ለቀንበር ይገራል፤ ፍየል ሲኮላሽ ሙክት ይሆናል፣ ይሰባል። ምክንያቱን ለማግኘት ግን ሳይንስ እስከ 1849 ድረስ ጠብቋል። በዚያ ዓመት በርቶልድ የተባለ ጀርመናዊ የጎቲንገን መምህር ቆለጣቸው ከወጣባቸው አውራ ዶሮዎች ለአንዳንዶቹ ቆለጡን መልሶ በሆዳቸው ውስጥ ቢያስቀምጥ፣ ዶሮዎቹ ኩክኒያቸው ቀላ፣ ጮኹ፣ ተዋጉም። ነርቩ ተቆርጦ ሳለ ይህ በመሆኑ፣ ከቆለጡ ወደ ደም የሚገባ አንድ ነገር መኖሩ ተገለጠ። ያ ነገር በ1935 አምስተርዳም ውስጥ ከበሬ ቆለጥ ተጣርቶ ሲወጣ ቴስቶስቴሮን ተባለ፤ በዚያው ዓመት ቡተናንትና ሩዚችካ እየራሳቸው በቤተ ሙከራ ሠሩት።

ወደ በሺር እንመለስ። ከግብፅ ወደ ኢስታንቡል ተወስዶ በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት በሐረሙ አገልግሎት ገባ። የሐረሙ ጃንደረቦች አለቃ ሹመት ከፍ ያለ ማዕርግ የሆነው በ1574 ሱልጣን ሙራድ ሦስተኛ ሐበሺ መሕመድ አጋ የሚባለውን፣ እርሱንም የአገራችንን ተወላጅ፣ በዚያ ቦታ ከሾመው ጀምሮ ነው። አለቃው የሴቶቹን ቤት ከመጠበቅ አልፎ የመካና የመዲና ቅዱሳት ቦታዎች የሚተዳደሩበትን ሰፊ የወቅፍ ሀብት ይቆጣጠር ነበር። ከግብፅ እህል፣ ከባልካን ግብር፣ ከአናቶሊያ የመሬት ገቢ በእጁ ያልፋል። ልጅ ስለሌለው ሀብቱን ለልጁ አያወርስም፣ ከዘመዶቹም ተለይቶ ስለ መጣ ወገን አያበጅም ተብሎ ይታመን ነበር። ጃንደረባ ለዚህ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት ይህ ነው። ግምቱ በከፊል ብቻ ትክክል ነበር፤ ጃንደረቦቹ የራሳቸውን ደቀ መዛሙርት እያሳደጉ፣ አንዱ ሌላውን እየተካ፣ በዘር ያልተወለደ ቤተ ሰብ ፈጥረው ነበር።

በሺር በዚህ ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ አደገ። በ1703 አሕመድ ሦስተኛ ሲነግሥ የአርባ ስምንት ዓመት ያህል ሰው ነበር፤ ከዚያም በኋላ የሐረሙ ግምጃ ቤት ኀላፊ ሆነ። በ1713 ግን አለቃው ኡዙን ሱሌይማን አጋ ሲሻር እርሱም አብሮ ወደ ቆጵሮስ ተጋዘ። ከቆጵሮስ ወደ ግብፅ፣ ከግብፅም ወደ መዲና ተላከ፤ በመዲና የነቢዩን መቃብር የሚጠብቁት ጃንደረቦች አለቃ ሆኖ ተሾመ። ለብዙ ጃንደረባ የሕይወት ፍጻሜ የሚሆነው ይህ ቦታ ነው፤ በጡረታ ይሄዱበታል፣ በዚያው ይቀበራሉ። ለበሺር ግን መሸጋገሪያ ሆነው። በ1717 ከመዲና ተጠርቶ የሐረሙ ጃንደረቦች ዋና አለቃ ሆነ። ዕድሜው ስድሳ ዓልፎ ነበር።

በዚያ ሹመት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ከእርሱ በፊትም ሆነ ከእርሱ በኋላ ያን ያህል የቆየ የለም። ቱሊፕ የሚባለው አበባ ባለጠጋውን ሁሉ ያሳበደበት፣ በቦስፎር ዳር የመዝናኛ ቤቶች የተሠሩበት ዘመን የእርሱም ዘመን ነው። በ1720 የሱልጣኑ ወንዶች ልጆች የተገረዙበት በዓል ለብዙ ቀናት ሲከበር፣ ሌቭኒ የተባለው የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሥርዓቱን በሥዕል መዝግቦታል፤ ጥቁሩ አለቃ በመሳፍንቱ አጠገብ ይታያል። ሥዕሉን የሚያይ ሐኪም ፊቱን ልብ ይበል፤ ጢም የለውም። ጢም የሙሉ ሰውነት ምልክት በሆነበት አገር ከሰባ ዓመት ጋር የሚታገለው ሹም እንደ ሕፃን የለሰለሰ አገጭ ይዞ በሰልፍ መካከል ይሄዳል። ቪዚሮቹ ግን ይፈሩታል።

በ1730 ፓትሮና ኻሊል የተባለ ሰው የመራው ዐመፅ ኢስታንቡልን አናወጠ። ታላቁ ቪዚር ኢብራሂም ፓሻ ተገደለ፤ ሱልጣን አሕመድ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለማሕሙድ አንደኛ ለቀቀ። ጌታው ወርዶ ጓደኞቹ ሲጠፉ በሺር በቦታው ጸና። ከዚያ በኋላ ዕድሜው እየገፋ ሥልጣኑ ግን እየበረታ ሄደ፤ ታላላቅ ቪዚሮች በእርሱ ምክር ይሾማሉ፣ በእርሱ ምክር ይሻራሉ። ስለ ሥልጣኑ ብዙ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ መጽሐፍ ወዳድነቱ ነው። በኢስታንቡል በኤዩብ፣ በካይሮ፣ በመዲና፣ እንዲሁም ዛሬ ቡልጋሪያ ውስጥ በምትገኘው በስቪሽቶቭ ትምህርት ቤቶችንና ቤተ መጻሕፍትን አቋቁሟል። በ1745 ገደማ ከቶፕካፒ አጥር አጠገብ ያሠራው ሕንፃ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የደርዊሾች ማደሪያና ለመንገደኛ ውሃ የሚታደልበት ሰቢል የያዘ ነበር። ልጅ እንዳይወልድ የተደረገ ሰው ለሰው ልጆች የማንበቢያ ቤት ሲሠራ መኖሩን ያለ ስሜት ማንበብ አይቻልም።

አሁን ወደ ሰውነቱ ልመልሳችሁ። የበሺርን አጥንት የመረመረ ሐኪም የለም። ይሁን እንጂ የእርሱ ዓይነት ሰዎች በኋላ ዘመን ተመርምረዋል። የኦቶማን ሐረም ከ1909 በኋላ ሲበተን በሕይወት የቀሩ ጃንደረቦች ነበሩ፤ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ አንድ ጀርመናዊ ሊቅ አካላቸውን ለክቶ ጽፏል። በቻይና ቤተ መንግሥት ያገለገሉ ሽማግሌዎችንም በ1960 ው ጂዬፒንግ የተባለው ታዋቂ ቻይናዊ ሐኪም መርምሯቸዋል። በ1999 ዊልሰንና ሮርቦርን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን ሁሉ ከሩሲያ ሰላቢ መናፍቃን መዛግብት ጋር አሰባስበው አንድ ጽሑፍ አወጡ። በዚያ እንደሚነበበው ሰዎቹ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጥኖ ይቀራል፤ ፕሮስቴታቸው ይመነምናል፤ ከብዙዎቹም ጡታቸው ያብጣል። እጅና እግራቸው ከደረታቸው ጋር ሲነጻጸር ያለ ልክ ይረዝማል። ሲያረጁ አጥንታቸው ይሳሳል፣ ጀርባቸውም ይጎብጣል። የሐረሙን ጃንደረባ ረጅም ቁመትና ጉብጠት የዘመኑ ተመልካቾች ሲያዩ የዘሩ ጠባይ ይመስላቸው ነበር፤ ለእኛ ግን የሆርሞን እጥረት ምልክት ነው።

ይህ ከሆነ በሺር ዘጠና ዓመት ያህል እንዴት ኖረ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱን ከአንድ ሰው ዕድሜ ማውጣት አይቻልም። ነገር ግን በ2012 የወጣ አንድ የኮርያ ጥናት የ81 ጃንደረቦችን የዘር መዝገብ አገላብጦ አማካይ ዕድሜያቸው 70 ዓመት፣ ማለትም በማዕርግ ከሚመሳሰሏቸው ሌሎች ወንዶች በ14 ዓመትና ከዚያም በላይ የሚበልጥ ሆኖ አግኝቶታል። ከመካከላቸው ሦስቱ መቶ ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ስለ መዝገቡ ጥራትና ስለ ኑሯቸው ልዩነት ክርክር ተነሥቷል፤ እኔም ቁጥሩን እንደ ፍጹም ማስረጃ አላቀርበውም። ሆኖም ቴስቶስቴሮንን የጤናና የዕድሜ ቅባት አድርገው ለሚሰብኩ ሰዎች የበሺር ዘጠና ዓመት ቢያንስ አንድ እንቅፋት ነው።

የእጅና የእግሩ መርዘም ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። አጥንት የሚረዝመው በጫፉ ባለው ልም አጥንት ነው፤ ልጅ ሲጎለምስ ያ ክፍል ይጠነክራል፣ ይዘጋል፣ ቁመትም በዚያው ይቆማል። በሕክምና ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው በወንድ ልጅ ዘንድ ይህን የሚዘጋው ቴስቶስቴሮን ነው የሚለው ነበር። ጃንደረባው ቴስቶስቴሮን የለውም፣ ስለዚህ አጥንቱ አይዘጋም፤ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። በ1994 ግን አንድ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ስለ አጥንቱ ጉዳይ ሲመረመር ሐኪሞቹን ግራ አጋባ። ቁመቱ 204 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ገናም ያድጋል። ቴስቶስቴሮኑ ሙሉ ነው፤ ጢም አለው፣ ወንድነቱ የተሟላ ነው። የጎደለው ኤስትሮጅንን የሚቀበለው የሕዋስ ክፍል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኤስትሮጅን የሚሠራውን ኤንዛይም ከውልደቱ ያጣ አንድ ወንድና ያችኑ ኤንዛይም ያጣች እኅቱ ተገለጡ፤ ወንዱ እንደዚሁ ረጅም፣ አጥንቱም የሳሳ ነበር። በ1997 የወጣው ሌላ ሪፖርት ነገሩን ዘጋው፤ ይኸው ኤንዛይም የጎደለው ጐልማሳ ቴስቶስቴሮን ሲሰጠው አጥንቱ አልተለወጠም፣ ኤስትራዲዮል ሲሰጠው ግን የአጥንቱ ጫፍ ተዘጋ፣ ጥንካሬውም ጨመረ።

ያ ኤንዛይም አሮማታዝ ይባላል። የወንድ ሰውነት ከሚሠራው ቴስቶስቴሮን ከአንድ በመቶ ያነሰውን ወስዶ ወደ ኤስትራዲዮል ይለውጠዋል፤ በስብ፣ በአጥንትና በአንጎል ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። በወንድ ደም ውስጥ ካለው ኤስትራዲዮል አብዛኛው፣ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል፣ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። እንግዲህ በላይኛው ግብፅ የበሺር ቆለጥ ሲቆረጥ የተወሰደበት አንድ ሆርሞን ብቻ አልነበረም። የጢሙንና የድምፁን ቴስቶስቴሮን ወሰዱ፤ ከቴስቶስቴሮኑ ጋርም አጥንቱን የሚዘጋውንና የሚያጸናውን ኤስትራዲዮል ወሰዱበት። የጀርባውን ጉብጠት ያመጣው በዋነኛነት ሁለተኛው ነው። የሴት ሆርሞን እየተባለ የሚጠራው ነገር ለወንዱም አጥንት ምሰሶ መሆኑን ሐኪሞች በእርግጠኝነት ያወቁት ያ ሐረም ከተበተነ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ነው።

አሮማታዝን የሚገቱት መድኃኒቶች፣ አናስትሮዞል፣ ሌትሮዞልና ኤግዜሜስቴን፣ የተሠሩት የወር አበባቸው ለተቋረጠ የጡት ካንሰር ሕሙማን ነው፤ በዚህ ሥራቸው ብዙ ነፍስ አትርፈዋል። በወንድ ላይ ሲሰጡ ምን እንደሚያደርጉ ለመረዳት ሥርዓቱን ማስታወስ ይበቃል። ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ ዕጢ በደም ውስጥ ያለውን ኤስትራዲዮል እየለኩ ለቆለጥ የሚልኩትን ትእዛዝ ይመጥናሉ። ኤስትራዲዮል ሲቀንስ ትእዛዙ ይበረታል፣ ቆለጡም ቴስቶስቴሮን ያበዛል። በ2004 በወጣ ጥናት ከ62 እስከ 74 ዓመት የሆናቸው ቴስቶስቴሮናቸው ዝቅ ያለ ወንዶች በቀን አንድ ሚሊ ግራም አናስትሮዞል ለ12 ሳምንት ሲወስዱ፣ አማካይ ቴስቶስቴሮናቸው በዴሲ ሊትር ከ343 ወደ 572 ናኖ ግራም ወጣ፤ ኤስትራዲዮላቸው ደግሞ በሚሊ ሊትር ከ26 ወደ 17 ፒኮ ግራም ወረደ። ወረቀቱን ብቻ ለሚያይ ሰው የቴስቶስቴሮኑ ቁጥር የሚያስደስት ነው።

ለበሺር ግን ይህ እንክብል ምንም ባልረባው ነበር። ትእዛዙን የሚቀበል ቆለጥ የለውም፤ ፒቱታሪው የፈለገውን ያህል ቢጮኽ የሚሰማው የለም። ይህን የምጠቅሰው ለጨዋታ ብዬ አይደለም። በዛሬ ሕሙማን መካከልም ቆለጣቸው በጉዳት፣ በጆሮ ደግፍ ሕመም፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በውልደት ምክንያት ሥራውን ያቆመ አሉ፤ እነዚህን በእንዲህ ያለ እንክብል ለመርዳት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። መድኃኒቱ ቁጥር የሚያሳድገው ቆለጡ ደኅና ሆኖ ትእዛዙ ለደከመበት ሰው ነው፤ በተለይም ስብ ሲበዛ አሮማታዝ አብሮ ስለሚበዛ ሰውነቱ ለወፈረ ሰው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ አንድ ጐልማሳ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ድካም ይሰማዋል፣ ሰውነቱ ከብዷል። ከሰዓት በኋላ በተወሰደ አንድ ጊዜ ምርመራ ቴስቶስቴሮኑ በመጠኑ አንሷል ተብሎ፣ ከውጭ አገር በወዳጅ እጅ የተላከለትን አናስትሮዞል ለወራት ሲውጥ ቆይቷል። በእጁ የያዘው አዲሱ የምርመራ ወረቀት የሃያ ዓመት ጎረምሳ ወረቀት ይመስላል። እርሱ ግን መገጣጠሚያው ሁሉ ይቆረጥመዋል፣ ለሚስቱ ያለው ፍላጎትም ከቀድሞው ይልቅ ቀንሷል። ኤስትራዲዮሉን የለካለት አልነበረም። እንክብሉን አስቆምሁት፣ ስለ ክብደቱና ስለ እንቅልፉ ረዘም አድርገን ተነጋገርን። ወረቀቱ መልካም ሆኖ ሰውየው ስለምን መልካም እንዳልሆነ ለማስረዳት የቸገረኝ ያን ጊዜ ነው፤ የጃንደረቦችንም ታሪክ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥናቶቹም ከዚህ ጋር ይስማማሉ። በ2009 በወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ወንዶች ገሚሶቹ አናስትሮዞል፣ ገሚሶቹ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ለአንድ ዓመት ወስደዋል። አናስትሮዞል የወሰዱት ቴስቶስቴሮናቸው ከፍ አለ፤ የሰውነታቸው ጉልበት ግን አልጨመረም፣ የጀርባ አጥንታቸው ጥግግት ከሌሎቹ አንጻር ቀነሰ። በ2013 ደግሞ ወደ አራት መቶ በሚጠጉ ጤነኛ ወንዶች ላይ የተደረገ ሰፊ ምርመራ ሁለቱን ሆርሞኖች ለየብቻቸው አሳየ። ጡንቻና ጉልበት የሚደክሙት ቴስቶስቴሮን ሲጎድል ነው፤ ስብ የሚከማቸው በዋነኛነት ኤስትራዲዮል ሲጎድል ነው፤ የግብረ ሥጋ ፍላጎት ደግሞ ከሁለቱ የአንዱም መጉደል ይጎዳዋል። አሮማታዝን መግታት አንዱን እጅ ሲሞላ ሌላውን ባዶ ያደርጋል።

ይህን ስል መድኃኒቶቹ በወንድ ላይ ፈጽሞ ቦታ የላቸውም ማለቴ አይደለም። ቴስቶስቴሮኑ ከኤስትራዲዮሉ ጋር ሲነጻጸር በጣም ዝቅ ያለ መካን ሰው፣ ልጅ ለመውለድ ስለሚፈልግ ቴስቶስቴሮን በመርፌ ሊሰጠው አይገባም፤ መርፌው የዘር ፍሬውን ያጠፋበታልና። ለእንዲህ ያለው ሰው የመካንነት ባለሙያዎች አናስትሮዞልን ለተወሰነ ጊዜ ይሞክራሉ፤ በ2002 የወጣ ጥናትም የዘር ፈሳሹ እንደሚሻሻል አሳይቷል። ቁመታቸው አጭር ለሆነ ወንዶች ልጆችም የአጥንታቸውን መዘጋት ለማዘግየት ተሞክሯል፤ ይህ በጥቂቱና በሐኪም ቁጥጥር የጃንደረባውን አጥንት መኮረጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፣ ለእኔም በግሌ ፍርሃት ያሳድርብኛል። የቴስቶስቴሮንን ማነስ ለማከም ግን ፈቃድ የተሰጠበት አገልግሎታቸው አይደለም። ማነሱ ራሱ መታመን ያለበት ምልክቱ ኖሮ፣ በማለዳ በባዶ ሆድ ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሲረጋገጥ ነው። በአገራችን ኤስትራዲዮልን በትክክል የሚለካና የአጥንት ጥግግት የሚመረምር መሣሪያ የሚገኘው በጥቂት ቦታ መሆኑን ስናስብ፣ ሳይለኩ የመስጠቱ አደጋ ከሌላው አገር ይልቅ ለእኛ ይከብዳል። ክብደቱን የቀነሰ ሰው ቴስቶስቴሮኑ ያለ እንክብል ሲመለስ ማየት ግን በገጠር ሆስፒታል ለምንሠራ ሁሉ የሚቻል ነገር ነው።

በሺር አጋ በሹመቱ ላይ እንዳለ በጁን 1746 ሞተ። በሥልጣን የኖሩ የሐረም አለቆች ብዙውን ጊዜ ተሽረው ወይም ተግዘው፣ አንዳንዶቹም ተገድለው ነበር የሚያልቁት። የእርሱ ተተኪ፣ ሞራሊ የሚባለው ሌላው በሺር፣ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1752 ተገድሏል። ሽማግሌው በሺር ግን በክብር ተገንዞ፣ በኢስታንቡል ቅዱስ በሆነው በኤዩብ፣ የነቢዩ ወዳጅ አቡ አዩብ አል አንሳሪ ባረፈበት አጠገብ ተቀበረ። ያሠራው ሰቢልና መስጊድ እስከ ዛሬ ከቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ብዙም ሳይርቅ ቆሞ ይታያል። በዕድሜው ሙሉ ያሰባሰባቸው የብራና መጻሕፍትም በሱሌይማኒዬ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ተመራማሪ መጽሐፍ ሲያስወጣ በመዝገቡ ላይ የሚጽፈው የስብስብ ስም ሐጂ በሺር አጋ የሚል ነው።